ሐሳባቸው ከእንግሊዝኛቸው ለሚቀድም ልጆች ስለ ዕፅዋት ዕድገት ማስተማር

በዋሽንግተን ዲሲ ዳርቻ፣ በሜሪላንድ ግዛት በምትገኘው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እንግሊዝኛን ገና በመጀመር ላይ ላሉ የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ልጆች አስተምራለሁ። ልጆቹ ከኤል ሳልቫዶር፣ ከጓቲማላ፣ ከሆንዱራስ፣ ከአፍጋኒስታንና ከኢትዮጵያ የመጡ፣ አለዚያም እዚሁ ተወልደው በቤታቸው ሌላ ቋንቋ እየሰሙ ያደጉ ናቸው። በዓመቱ ውስጥ ከማስተምራቸው ሁሉ አስበልጬ የምወደው፣ ብርዱ መለዘብ ሲጀምር በመጋቢትና በሚያዝያ የምንገባበትን ስለ ዕፅዋት ዕድገት የሚናገረውን ትምህርት ነው። ይህን ትምህርት ባስተማርሁ ቁጥር አንድ ነገር ይበልጥ እየጠራልኝ መጥቷል፤ አንድ ልጅ የሚያስበው ነገርና በአዲሱ ቋንቋ ሊናገረው የሚችለው ነገር እኩል አይደሉም፤ እኛ መምህራን ግን ብዙውን ጊዜ ትምህርቱን የምንሰፍርለት በሚናገረው ልክ ነው።

የአሜሪካ ሕግ ይህን ክፍተት ከተገነዘበ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1974 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ የሳን ፍራንሲስኮ ቻይናውያን ቤተሰቦች ባቀረቡት «ላው በኒኮልስ ላይ» በሚባለው ክስ፣ እንግሊዝኛ ለማይችል ልጅ ከሌሎቹ ጋር አንድ ዓይነት መጽሐፍ፣ አንድ ዓይነት መምህርና አንድ ዓይነት ክፍል መስጠት ብቻውን እኩልነት እንዳልሆነ በሙሉ ድምፅ ወሰነ። በዚያን ጊዜ በከተማዋ 1,800 ገደማ የሚሆኑ የቻይና ዝርያ ያላቸው ተማሪዎች ምንም የቋንቋ እገዛ ሳያገኙ በማይገባቸው ቋንቋ ሲማሩ ይውሉ ነበር። ዛሬ እገዛው አለ፤ ይሁን እንጂ በብዙ ቦታ የሚሰጠው ልጁን ከመደበኛ ክፍሉ እየጠሩ ለብቻው በማስተማር ሲሆን፣ የሚጠራበትም ሰዓት ብዙ ጊዜ የሳይንስ ሰዓት ይሆናል። ጓደኞቹ ዘር ሲዘሩ እርሱ በሌላ ክፍል ተቀምጦ የቀለማትን ስም ይደግማል። ይህን አሠራር ከልቤ እቃወማለሁ። አረንጓዴ የሚለውን ቃል ከሥዕል ካርድ ላይ ከመሸምደድ ይልቅ፣ ጨለማ ውስጥ የበቀለው ቅጠል ስለ ምን ቢጫ እንደሆነ፣ መስኮት ሥር የበቀለው ደግሞ ስለ ምን አረንጓዴ እንደሆነ ከጓደኞቹ ጋር እየተከራከረ ቢማረው ቃሉም ይጸናለታል፣ ሳይንሱም አያመልጠውም።

ለጀማሪ ልጅ ዕፅዋት የተመቹ የሚሆኑት ነገሩ ከቃሉ ስለሚቀድም ነው። ስለ ማኅበረሰብ፣ ስለ ታሪክ፣ ስለ ሕግ የሚያስተምር መምህር ቋንቋውን በቋንቋ ማስረዳት ይገደዳል፤ እኔ ግን አንድ ፍሬ በልጁ መዳፍ ላይ አስቀምጬ ዝም ማለት እችላለሁ። ደረቅ ቦሎቄ ከሱቅ ገዝቼ ሌሊቱን ውኃ ውስጥ አሳድረዋለሁ። በማግሥቱ እያንዳንዱ ልጅ አንድ የራሰ ፍሬ ተቀብሎ ልጣጩን በጥፍሩ ይገፈዋል፣ ለሁለት ይከፍለዋል፣ በአጉሊ መነጽርም ያየዋል። በሁለቱ ክኮች መካከል የታጠፉ ጥቃቅን ቅጠሎችና ሹል የሥር ጫፍ ያላት ጽንስ ተኝታ ትታያለች። ጥሬ ቦሎቄ ሆድ የሚመርዝ በመሆኑ ማንም ወደ አፉ እንዳያስጠጋ አስቀድሜ በቃልም በምልክትም አስጠነቅቃለሁ። ጽንሷን ያየ ልጅ በየትኛውም ቋንቋ አንድ ድምፅ ያወጣል፤ ቃሉን የምሰጠውም በዚያች ቅጽበት ነው። የምሰጠው ግን ነጠላ ቃል ሳይሆን «አይ ሲ ኤ ሩት» (ሥር ይታየኛል) የሚል ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። ነጠላ ስሞችን ብቻ የያዘ ልጅ ሊጠቁም ይችላል እንጂ ሊናገር አይችልም፤ አንድ ዓረፍተ ነገር የያዘ ልጅ ግን መጨረሻውን እየቀያየረ ሥሩንም ቅጠሉንም ልጣጩንም በራሱ አፍ ለጓደኛው ያሳያል።

ከዚያ በኋላ ሌላ የራሰ ፍሬ በእርጥብ ሶፍት ጠቅልለን፣ ጥርት ባለ ላስቲክ ከረጢት ከትተን መስኮቱ ላይ እንለጥፈዋለን። ሶፍቱ መራስ እንጂ መንሳፈፍ የለበትም፤ ዘር በሚበቅልበት ጊዜ ስለሚተነፍስ ውኃ ከዋጠው አየር አጥቶ ይበሰብሳል። በጥቂት ቀናት ውስጥ መጀመሪያ ሥሩ ይወጣል፤ ይህን ቅደም ተከተል ልጆቹ አስቀድመው እንዲገምቱ ስጠይቃቸው አብዛኞቹ ቅጠሉ ይቀድማል ይላሉ። ቦሎቄውን ወደ አፈር ያዛወርነው እንደሆነ ሁለቱን ክኮች ተሸክሞ ከአፈር በላይ ይወጣል፤ የእኛ ባቄላ ደግሞ ክኮቹን አፈር ውስጥ ትቶ ቡቃያውን ብቻ ያወጣል። ሁለቱን ጎን ለጎን መትከል ያልታሰበ ጥያቄ ያስነሣል፤ ልጆቹ የባቄላውን ክኮች ፍለጋ አፈሩን በጣታቸው መጫር ይጀምራሉ።

ከአበሻ ሱቅ የማመጣው ምስርም ሥራ አለው። ድፍን ምስርና ክክ ምስር በሁለት ሳህን ላይ አርሰን ጎን ለጎን እናስቀምጣለን። ድፍኑ ቶሎ ሥር ያወጣል፤ ክኩ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ በመጨረሻም ይሸታል እንጂ አይበቅልም፤ ሲከካ ጽንሱ ከምግቡ ተለይቶ ተጎድቷልና። ሕይወት ያለው ነገርና ሕይወት የሌለው ነገር ልዩነታቸው ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ለመዋዕለ ሕፃናት ልጅ በብዙ ሥዕል ይቀርባል፤ ድንጋይና ድመት ጎን ለጎን ተሥለው ይመጣሉ። ሁለቱ የምስር ሳህኖች ግን ከዚያ የጠለቀ ነገር ያሳያሉ፤ ሁለቱም ምስር የሆኑ፣ ከአንድ ሱቅ የመጡ ሁለት ነገሮች፣ አንዱ ሕያው ሌላው ሕይወት የሌለው ሊሆኑ ይችላሉ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የቋንቋ መምህርነቴን እጅግ የሚያስደስተኝ ግን ሌላ ነገር ነው። የእንግሊዝኛ ግሥ ጊዜያት ለጀማሪ ልጅ ከባድ ናቸው፤ በልምምድ መጽሐፍ ላይ የሚቀርቡት ዓረፍተ ነገሮች ደግሞ ልጁን ስለማይመለከቱት ትናንትም ነገም ለእርሱ አንድ ናቸው። በመስኮቱ ላይ የተለጠፈው ፍሬ ግን በእውነት ትናንት ነበረው፣ በእውነትም ነገ አለው። ልጁ ከመዝራቱ በፊት ምን እንደሚሆን ሲገምት የወደፊቱን ጊዜ ይፈልገዋል፤ ከረጢቱን እያየ ሲናገር የአሁኑን ይፈልገዋል፤ ትናንት የሣለውን ሥዕል ከዛሬው ቡቃያ ጋር ሲያስተያይ ደግሞ ያለፈው ጊዜ የግድ ይሆንበታል። «ኢት ዊል ግሮው» (ወደፊት ያድጋል)፣ «ኢት ኢዝ ግሮዊንግ» (እያደገ ነው)፣ «ኢት ግሩው» (አደገ) የሚሉትን ሦስቱን በሰሌዳ ላይ እጽፋቸዋለሁ፤ የትኛውን መቼ እንደሚጠቀሙ የሚያስተምራቸው ግን ተክሉ ራሱ ነው። ማነጻጸርም እንዲሁ ነው፤ የአንዱ ልጅ ቡቃያ ከሌላው ሲረዝም «ከአንተ ይበልጣል» ማለት የማይፈልግ የሰባት ዓመት ልጅ አላየሁም። ርዝመቱን በማስመሪያ እየለኩ በየቀኑ በሠንጠረዥ ያሰፍሩታል፤ በዚያች ሠንጠረዥ ላይ እንግሊዝኛ የማይችል ልጅ ከሌላው እኩል ይጽፋል፤ ቁጥር ነውና።

ሥሩ አራትና አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ሲረዝም ከረጢቱን ገልብጠን እንለጥፈዋለን። ወደ ታች ሲያድግ የነበረው ሥር አሁን ወደ ላይ ይመለከታል። ምን ይሆናል ብዬ እጠይቃለሁ፤ ገና ቃል ያልወጣው ልጅም በጣቱ አየር ላይ መንገዱን ሥሎ ይመልሳል። አንዳንዱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይቀጥላል ይላል፣ አንዳንዱ ይሞታል ይላል፣ አንዳንዱ ጣቱን ቆልምሞ ወደ ታች ይመልሰዋል። በማግሥቱ ሥሩ ጫፉ ላይ ታጥፎ ወደ ምድር መመለስ መጀመሩ ይታያል። እንግሊዛዊው ቶማስ ናይት እ.ኤ.አ. በ1806 ይህንኑ ጥያቄ ይዞ፣ ዘሮችን በውኃ ኃይል በሚሽከረከር መንኮራኩር ላይ አስሮ አብቅሏቸው ነበር፤ መንኮራኩሩ በፍጥነት ሲሽከረከር ሥሮቹ ወደ ውጭ፣ ግንዶቹ ወደ መካከሉ አደጉ። ሥር አቅጣጫውን የሚያውቀው በላዩ ላይ በሚሠራው ጉተታ እንደሆነ በዚህ ታወቀ። በጣቱ አየር ላይ መንገድ የሣለው ልጅ ያቀረበው መላ ምት ነው። በቃላት ያልተነገረ መላ ምት መላ ምት ሆኖ እንዲመዘገብለት በስሙ ሥር ሥዕሉን በሰሌዳው ላይ አኖርለታለሁ፤ በማግሥቱም ትክክል የሆነው እርሱ እንደነበር ክፍሉ ሁሉ ያያል።

ብዙ ጊዜ የምናጠፋበት የጨለማው ሙከራ ነው። ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በተቀበለችው የሳይንስ ትምህርት መመዘኛ መሠረት፣ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ዕፅዋት ለማደግ የፀሐይ ብርሃንና ውኃ የሚያስፈልጋቸው መሆን አለመሆኑን ሙከራ አቅዶ ሠርቶ መመርመር አለበት። ሁለት የቦሎቄ ቡቃያዎች በሁለት ኩባያ እንተክላለን፤ አንደኛው መስኮት ሥር፣ ሁለተኛው ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። የተለመደው መልስ ጨለማ ውስጥ ያለው አያድግም የሚል ስለሆነ ልጆቹ ሁሉ ያንኑ ይጠብቃሉ። ቁም ሣጥኑ ሲከፈት ግን ጨለማ ውስጥ የነበረው መስኮት ሥር ከነበረው ይልቅ ረዝሞ ይገኛል። ቀጭን ነው፣ የገረጣ ነው፣ ቅጠሎቹም ጥቃቅን ናቸው፤ ግን ረጅም ነው። ክፍሉ ይታወካል። ልጆቹ በመጽሐፋቸው የተጻፈውንና በዓይናቸው ያዩትን ማስታረቅ አለባቸው፤ ለዚህም «ግን» እና «ምክንያቱም» የሚሉት ቃላት ያስፈልጓቸዋል። እነዚህን ቃላት በሌላ ቀን ባስተምራቸው ይረሷቸዋል፤ በዚያ ቀን ግን እየለመኑ ይወስዷቸዋል።

በአንድ ዓመት፣ ከኢትዮጵያ ከመጣ ብዙም ያልቆየና በክፍል ውስጥ እምብዛም የማይናገር ልጅ ቁም ሣጥኑ ሲከፈት ፈጽሞ አልተገረመም። ለብቻዬ ጠጋ ብሎ «ቲቸር፣ አያቴ ብቅል ስታበቅል እኮ ገብሱን ሸፍና ነው የምታስቀምጠው፤ ብርሃን አያይም፤ ግን ይበቅላል» አለኝ። ይህ ልጅ አያቱ ገብሱን ስትነክር፣ ስታጠነፍፍ፣ በቅጠል ሸፍና ስታስቀምጥ፣ ሥር ሲያወጣም ፀሐይ ላይ ስታሰጣው አይቷል። ብዙ ዘር ለመብቀል ብርሃን ሳይሆን እርጥበት፣ አየርና ሙቀት እንደሚበቃው፣ መብቀል አንድ ነገር ማደግ ሌላ ነገር መሆኑን ከእኔ ትምህርት በፊት ያውቅ ነበር። በፍሬው ውስጥ የተከማቸው ስታርች በኢንዛይሞች ወደ ስኳር እየተለወጠ ቡቃያውን ይመግበዋል፤ ብቅል ሲቀምሱት የሚጣፍጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጨለማ ውስጥ ያለው ቦሎቄ ይህን ስንቅ ሁሉ ብርሃን ፍለጋ በመርዘም ያጠፋዋል፤ ስንቁ ሲያልቅ ይወድቃል። አረንጓዴ የሚያደርገውን ክሎሮፊል ለመሥራት ብርሃን ስለሚያስፈልገውም ገርጥቶ ይቀራል። ልጁ በአማርኛ የተናገረውን ለክፍሉ በእንግሊዝኛ እንዲናገር ረዳሁት፤ ቃላቱን እኔ አቀበልሁት፣ ሐሳቡ ግን ሙሉ በሙሉ የእርሱ ነበር። በዚያ ሳምንት በክፍሉ ስለ ዘር አብቃቀል ከሁሉ የላቀውን ነገር የተናገረው፣ በቋንቋ ፈተናው ከስድስቱ ደረጃዎች ዝቅተኛው ላይ የነበረው ልጅ ነው።

እርሱን የሰማሁት አማርኛ ስለማውቅ ነው፤ ይህ ሐቅ እረፍት ይነሣኛል። ከጓቲማላ ደጋማ አካባቢዎች የሚመጡ ልጆች ብዙ ጊዜ ስፓኒሽ ይናገራሉ ተብለው ይመዘገባሉ፤ በቤታቸው የሚናገሩት ግን ማም ወይም ኪቼ የሚባሉትን የማያ ቋንቋዎች ሊሆን ይችላል። በቆሎና ቦሎቄ በአንድ ማሳ ሲዘራ፣ ቦሎቄውም የበቆሎውን አገዳ ተንተርሶ ሲወጣ እያዩ አድገዋል፤ ስለ ዕፅዋት ከእኔ በላይ የሚያውቁት ብዙ ነገር አለ። የሚያውቁትን የሚሰማ ግን በሕንጻው ውስጥ አንድም ሰው ላይኖር ይችላል። ስለዚህ በዚህ ትምህርት ላይ ሥዕልን እንደ ጌጥ አላየውም። ልጁ ቤቱ አካባቢ የሚያውቀውን ተክል ከዘር እስከ መከር እንዲሥል አደርጋለሁ፤ በየሥዕሉ ላይ በራሱ ቋንቋ የሚያውቀውን ስም እንዲናገር፣ ከቻለም እንዲጽፍ እጠይቀዋለሁ፤ አንድ ቋንቋ የሚናገሩ ልጆችም ወደ እንግሊዝኛው ከመምጣታቸው በፊት በራሳቸው ቋንቋ እንዲመካከሩ ጊዜ እሰጣቸዋለሁ። ምን እንደሚባባሉ ባይገባኝም፣ ሲከራከሩ ማየት በቂ ምስክር ነው።

በየትምህርት ቤቱ በብዛት የሚገኘው የመቀስና የሙጫ ወረቀት ግን ለዚህ ዓላማ እጅግ ደካማ ነው። ዘር፣ ቡቃያ፣ ተክል፣ አበባ ተሥለውበት ልጁ ቆርጦ በቅደም ተከተል እንዲለጥፍ ይጠየቃል። በትክክል የለጠፈ ልጅ ያሳየው ሥዕሎችን ከትንሽ ወደ ትልቅ መደርደር መቻሉን ነው፤ ስለ ዕፅዋት ያወቀው ነገር መኖሩን ከዚያ ማወቅ አይቻልም። በተጨማሪም ወረቀቱ ሁሉም ተክል ከዘር እንደሚመጣ አድርጎ ያቀርባል። የጉራጌ ወይም የሲዳማ አያቶች ያሉት ልጅ እንሰት ከእናቲቱ ግንድ ሥር ተጎንጉነው ከሚወጡ ችግኞች እንደሚተከል ሊያውቅ ይችላል፤ ድንችም በጓዳ ውስጥ ቆይቶ ዓይኑ ሲያቆጠቁጥ ያላየ ልጅ ጥቂት ነው። እነዚህ ልጆች ወረቀቱን ሲሞሉ የሚያውቁትን እንዲተዉ ይገደዳሉ።

በዚህ ረገድ ከወላጆች ጋር የምነጋገረው ነገር አለ፤ በተለይም ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ጋር። አንድ አባት በወላጆች ቀን ቀርቦ «እህቴ፣ እንግሊዝኛው እንዳይደናቀፍበት ብለን በቤት ውስጥ አማርኛ መናገር ትተናል» ብሎኛል። ይህን ያደረገው ልጁን ስለሚወድ ነው፤ ሆኖም በዚህ መንገድ ልጁ የሚያጣው ብዙ ነው። በካናዳ ያስተማረው ጂም ከሚንስ እ.ኤ.አ. በ1979 ሁለት ዓይነት የቋንቋ ችሎታን ለይቶ አሳይቷል፤ በመጫወቻ ሜዳ የሚበቃው የዕለት ንግግር በሁለት ዓመት ገደማ ሊገኝ ሲችል፣ ለማብራራት፣ ለማነጻጸርና ለመከራከር የሚያስፈልገው የትምህርት ቋንቋ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ይወስዳል። በአንደኛው ቋንቋ የተያዘ ዕውቀትም ሁለተኛውን ይደግፈዋል። እኔ ራሴ ያደግሁት በአዲስ አበባ ሲሆን፣ እስከ ስድስተኛ ክፍል የተማርሁት በአማርኛ ነበር፤ ብርሃን አስተፃምሮ (ዕፅዋት በብርሃን ምግባቸውን የሚሠሩበት ሂደት) ምን እንደሆነ፣ ቅጠል በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ አየር እንደሚያስገባና እንደሚያስወጣ በአማርኛ ገብቶኝ ስለነበር፣ በሰባተኛ ክፍል ሁሉም በእንግሊዝኛ ሲመጣ አዲስ የሆነብኝ ስሙ እንጂ ነገሩ አልነበረም። ልጅ በዚህ አገር ሲማር ነገሩም ስሙም በአንድ ቀን ይመጡበታል፤ ቢያንስ ነገሩን በቤቱ ቋንቋ ቀድሞ ቢያገኘው ሸክሙ በግማሽ ይቀልለታል።

ለዚህ የሚያስፈልገው ትልቅ ዝግጅት አይደለም። በብዙ የአበሻ ቤት በረንዳ ላይ በገንዳ የተተከለ ጤና አዳም ወይም በሶብላ አለ፤ በጓሮ ጎመንና ቃሪያ የሚተክሉም ብዙ ናቸው። ልጁ ውኃ ሲያጠጣ፣ ዛሬ ምን ተለወጠ፣ የታችኛው ቅጠል ለምን ቢጫ ሆነ፣ ይህኛው ለምን ወደ መስኮቱ አዘነበለ ብሎ በአማርኛ መጠየቅ በቂ ነው። በዚህ አካባቢ ሚያዝያ ውስጥም ውርጭ ሊወርድ ስለሚችል ቃሪያን ቀድሞ በቤት ውስጥ ማፍላት ያስፈልጋል፤ ልጁ በእያንዳንዱ ሳምንት የሚያየው ነገር ከወላጁ ጋር የሚያወጋበት ርእስ ይሆንለታል። ለዚያ አባት የነገርሁትም ይህንኑ ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ከቤቱ የመጣ የቃሪያ ችግኝ በክፍላችን መስኮት ላይ ቆሞ ነበር።

ዕፅዋት ለመሆኑ የተሠሩበትን ነገር ከየት ያመጡታል የሚለው ጥያቄ ደግሞ ከሁሉ የሚከብድ ነው። በመመዘኛው መሠረት ዕፅዋት ለዕድገታቸው የሚያስፈልጋቸውን ነገር በዋናነት ከአየርና ከውኃ እንደሚያገኙ ልጆች በማስረጃ የሚከራከሩት በአምስተኛ ክፍል ነው። እኔ ግን በሁለተኛ ክፍል አነሣዋለሁ፤ ትንንሽ ልጆች ተክል አፈር ይበላል ብለው ያምናሉና፣ ይህ እምነት ሥር ከመስደዱ በፊት ቢፈተሽ ይሻላል። የብራስልሱ ያን ባፕቲስት ፋን ሄልሞንት በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዘመን የሠራውን ሙከራ በሥዕል እነግራቸዋለሁ። 90 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ደረቅ አፈር በገንዳ አድርጎ፣ ከ2 ኪሎ ግራም ጥቂት የሚበልጥ የአኻያ ችግኝ ተከለበት፤ ለ5 ዓመታት ውኃ ብቻ ሲያጠጣው ቆይቶ ዛፉ 77 ኪሎ ግራም ገደማ ሆነ፤ አፈሩ እንደገና ደርቆ ሲመዘን ግን የጎደለው ወደ 57 ግራም ብቻ ነበር። ሙከራው እርሱ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1648 ታትሟል። ፋን ሄልሞንት ዛፉ ሁሉ የተሠራው ከውኃ ነው ብሎ ደመደመ፤ ውኃው ድርሻ እንዳለው እውነት ነው፣ ከአየር የሚገባውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን በዚያ ዘመን ያሰበው አልነበረም። በቁጥር የተሞላው ይህ ታሪክ ብዙ እንግሊዝኛ አይፈልግም፤ አንድ ትልቅ ዛፍ፣ አንድ ገንዳ አፈር፣ ሁለት ሚዛን ይሣላሉ፤ አፈሩ እምብዛም እንዳልጎደለ ልጆቹ ከሥዕሉ ያነቡታል።

ከአየር ነው ስላቸው ግን አያምኑኝም። አንዲት ከሆንዱራስ የመጣች ልጅ መዳፏ ላይ እፍ ብላ ባዶ እጇን አሳየችኝ፤ አየር ክብደት የለውም ማለቷ ነበር፤ ይህም ተገቢ ተቃውሞ ነው። መልሱን በቃላት ከመስጠት ይልቅ አየሩ የተነፈሰ የእግር ኳስ በኩሽና ሚዛን ላይ አስቀመጥን፤ በኋላ በመንፊያ እስኪጠነክር ሞልተን እንደገና መዘንነው፤ ቁጥሩ በጥቂት ግራም ጨመረ። ሚዛኑን ያበላሸሁት መስሏት ኳሱን አስተንፍሳ ራሷ ደግማ መዘነችው፤ ያው ሆነ። ደብተሯ ላይ «ኤር ሃዝ ዌይት» (አየር ክብደት አለው) ብላ ጻፈች፤ ከታችም ኳስ፣ ሚዛንና ወደ ቅጠል የሚገባ ቀስት ሣለች። ቀስቱን እንድትሥል ማንም አልነገራትም።

ከዚያ የመጣው ጥያቄ የሁሉም ልጆች ሆነ፤ ዛፎች ሁሉ አየርን እየወሰዱ ከኖሩ አየሩ ለምን አያልቅም? ይህ ጥያቄ እስከ አምስተኛ ክፍል እንዲቆይ አልፈልግም። ልጆቹ የሚያወጡት ትንፋሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዳለበት በኖራ ውኃ ማሳየት ይቻላል፤ በቀጭን ቱቦ ሲነፉበት ጥርት ያለው ውኃ እንደ ወተት ይደፈርሳል። የኖራ ውኃ ወደ አፍ እንዳይሳብ ስለሚያሰጋ ቱቦውን የምነፋው እኔ ነኝ፤ እነርሱ ይመለከታሉ፣ ይሥላሉ፣ ይጽፋሉ። መቼም ከዚህ በኋላ የሚከተለው ክርክር ከአንድ ክፍለ ጊዜ ያልፋል፤ ስለዚህ በዚህ ዓመት ከመደበኛው የሳይንስ መምህርት ጋር ተነጋግረን ልጆቼ በሳይንስ ሰዓት ከክፍላቸው እንዳይወጡ፣ እኔም ወደ እነርሱ ክፍል እየገባሁ አብሬያት እንዳስተምር ተስማምተናል።